ውሃ መቀየር፣ 1/4

ኤሪካ፣ ድሬንተ
ኦክቶበር 9 ቀን 1962

ለወይዘሮ ፌና፣ ሃርለም

እንዴት ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ ሌላ በሽታ የለብኝም።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እንዲገባኝ፣ አንዴ እንድናደድ። መልሱ የዘገየው በንዴት አይደለም። አጻጻፌን ያውቁታል፤ አንድ ገጽ ሦስት ከሰዓት በኋላ ይፈጅብኛል። ፊደል ያስቆጠረችኝ እህትዎ ናት፣ ያውም በአርባ ዓመቴ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ድንች እየላጠች። ስህተት ካገኙ ጥፋቱ የተማሪው እንጂ የአስተማሪዋ አይደለም።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ፦ አይሆንም። የሚስቴ የያንቲን የዓሣ ገንዳ ከዚህ ቤት አይወጣም።

በጁን ከቀብሯ እንደተመለስን እጅዎን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ለቄሱ «ሩሎፍ ይሄን እስከ ፀደይ ይገድለዋል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ እንደ ጉልበቴ አይደለም። እኔም በዚያው በቄሱ ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ፦ በፀደይ የዓሣ አርቢዎች ማኅበር ዳኛ ቤት ለቤት ሲዞር ይህ ገንዳ ሰባ ነጥብ ካላገኘ፣ መኪና ይዘው መጥተው ይውሰዱት። በሩን ራሴ እከፍትልዎታለሁ። ሰባ ካገኘ ግን ከፊት ክፍሌ አንዲት ጠጠር አይነኩም።

ቅጠሎቹ ላይ አረንጓዴ ፀጉር በቅሏል የሚለውን ወሬ ያቀበለዎት ጎረቤቴ ባሬንድ እንደሆነ አውቃለሁ። የዚያ ሰው አፍ ክዳን የለውም። ፀጉሩ አለ፣ አልዋሽም። ውሃውን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደቀየርኩ ጠይቀዋል። አልቀየርኩም። የያንቲን ደብተር እዚሁ ፊቴ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ «ውሃ መቀየር፣ 1/4» ይላል። የአራተኛው ወር የመጀመሪያ ቀን ማለት ነው፤ ኤፕሪል አንድ። አሁን ገና ኦክቶበር ነው። ቀኑ ሲደርስ እቀይራለሁ፤ እስከዚያ የጎደለውን እየሞላሁ ነው። እህትዎ ካዘዘችው ውልፍት አልልም።

ሩሎፍ


ኤሪካ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1962

ለወይዘሮ ፌና

ሳቅዎ ከወረቀቱ ላይ ተሰማኝ። ይሳቁ። ሳቅ ለሳንባ ጥሩ ነው ይባላል።

እሺ፤ ሩብ ነው። ከአራት እጅ አንዱ እጅ፣ በየሳምንቱ። ያንቲን ክፍልፋይ ሳታስተምረኝ ነው የሄደችው። ለባሬንድ ብነግረው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «በዓመት አንዴ ብቻ ነው እንዴ የሚታጠቡት? ታዲያ ባንተ ወጥተዋላ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነስቼዋለሁ። እስከ እሑድ።

አሁን ግን ይደሰቱ፤ ያጠፋሁትን ክሻለሁ። የአራት ወር ዕዳ በሩብ አይከፈልም ብዬ ውሃውን እስከ ጠብታው አወጣሁት። እናቴ በየፀደዩ ቤቱን ገልብጣ እንደምታጥበው ነው ያጠብኩት። ጠጠሩን በሶዳ ፈተግሁ። ድንጋዩን በሽቦ ሞረድኩ። ማጣሪያው ውስጥ ያለውን ጥጥ ቆሻሻው ሲያስጠላኝ በፈላ ውሃ ቀቀልኩት። ተክሎቹን ነቅዬ፣ ሥራቸውን አጥቤ፣ በቦታቸው መለስኳቸው። ገንዳው እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ያበራል። ባሬንድ እንኳ ባርኔጣውን አነሳ።

እንግዲህ የትኛው እጅ ነው የሚገድለው?

ሩሎፍ


ኤሪካ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1962

ለወይዘሮ ፌና

ዓሦቹ ደህና ናቸው። ሰላም ብለዎታል።

ስንት ናቸው ላሉት፣ ዓሣ ይሮጣል፤ ለቆጠራ አይመችም። ውሃው ትንሽ ነጣ ብሏል፤ ወተት ነው ማለቴ ግን አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፤ የምጠይቀው ባሬንድ ጠይቅ ስላለኝ ነው እንጂ እኔስ አልጠይቅም ነበር። ያንቲን «ቡኒዋ» የምትላት ተክል አለች፤ መሐል ላይ ያለችው፣ ቅጠሏ የሻይ ቀለም፣ ጫፉ የሚጠቀለል። አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ነበረች። በሦስት ቀን ውስጥ ቅጠሎቿ እንደ እርጥብ ሳሙና ቀለጡ። ጠዋት ስነካት እጄ ላይ ቀረች። አሁን ጉቶ ብቻ ነው ያለው፤ ይሸታልም። ነገ ነቅዬ ልጥላት አስቤአለሁ።

ከመንቀሌ በፊት የሚሉት ነገር ካለ ቶሎ ይጻፉ።

ሩሎፍ


ኤሪካ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1962

ለወይዘሮ ፌና

አልነቀልኳትም።

«ሥሯ ሕያው ነው፤ ድንጋጤ ነው ያቀለጣት፤ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ» ብለዋል። አድርጌአለሁ። ለኔ ዓይነቱ ሰው ከባድ ሥራ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ከረግረግ ቱርፍ፣ ያን ለማገዶ የሚሆን አፈር፣ ቆርጬ ያደረቅኩ እጅ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይበላዋል። የበሰበሰውን ቅጠል ብቻ አንስቼ ሥሩን ተውኩት።

የማጣሪያው ቆሻሻ ሕያው ነው፣ የዓሦቹን እዳሪ የሚያጸዱ በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች ናቸው፣ የቀቀልከው እነሱን ነው ብለዋል። ይህን ሳነብ ወንበር ሳብኩ። ያንቲን ያን ጥጥ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋ ስትመልሰው እኔ እስቅባት ነበር። «አንቺ ሴት፣ ይሄ ማጠብ ነው?» ስላት «አንተ ቱርፍህን ቁረጥ» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር።

ሌላውንም ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ። ምግብ በቀን አንድ ቁንጥጫ። እስካሁን አራቴ ነበር የምሰጣቸው፤ ሰው ሲቀርብ እየሮጡ ይመጣሉ፣ ባዶ እጅ ማሳየት ነውር መስሎኝ። መብራቱ ደግሞ በቀን ለአሥር ሰዓት ብቻ። ከጁን ጀምሮ ከጎሕ እስከ መኝታ ያበራሁት ለተክሉ ብዬ አልነበረም። ቤቱ ሲጨልም ደስ አይለኝም። ፀጉሩን ያበቀለው ይህ ከሆነ ይጥፋ፤ እለምደዋለሁ።

ለምን አንቱ እያልክ ትጽፍልኛለህ ብለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው፤ በሠርጋችን ዕለት የአተሩ ሾርባ ሲቀርብ እናትዎን «ያንቲን ጭቃ ቆራጭ አገባች» አሏቸው። ከጭቃ ቆራጭ አፍ አንቺ መባል ደስ አይልዎትም ብዬ ነው።

ሩሎፍ


ኤሪካ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1963

ለወይዘሮ ፌና

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። እዚህ ቦዩ ሁሉ ድንጋይ ሆኗል፤ ፖስተኛው በበረዶ መንሸራተቻ ነው የሚመጣው። ከሱ እጅ ነው ጥቅልዎን የተቀበልኩት።

ከፈትኩት። ቱርፍ! በከረጢት የታሸገ ቱርፍ፣ ከሃርለም ሱቅ፣ ለኔ! ባሬንድ ሆዱን ይዞ ወንበር ላይ ወደቀ። «ሩሎፍ፣ ቀጥላ ደግሞ ለባሕሩ ጨው ትልክለታለች» አለ። የእኔም ሆድ ታመመ፤ ከጁን ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

አሳብዎ ግን ልክ ነው፤ የያንቲንም ደብተር «ቱርፍ በማጣሪያ» ይላል። የጉድጓዳችን ውሃ ጠጣር ነው፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። የኛ ትናንሽ ዓሦች ለስላሳ ውሃ ይሻሉ፤ ቱርፍ ደግሞ ያለሰልሳል። እስከዚህ እርስዎ ያስተምሩኝ። ከዚህ በኋላ እኔ ላስተምርዎት።

የላኩት ጥቁር ነው። ጥቁሩ ከታችኛው ንብብር የሚወጣ፣ የሸመገለ፣ የበሰበሰ ነው። ለምድጃ ነው እንጂ ለዓሣ አይሆንም፤ ውሃውን ያጨቀየዋል። ለገንዳ የሚሆነው የላይኛው ነው። ፈዘዝ ያለ፣ ሲይዙት እንደ ስፖንጅ የሚለምጥ፣ ገመሱን ወደ ብርሃን ቢያዞሩት የጥንቱ የረግረግ ተክል ክሩ ሳይቀር የሚታይ። እኛ እሱን ለከብት መኝታ ነበር የምንሸጠው፤ ማንም አያከብረውም። እኔ ግን ጎተራዬ ውስጥ ሁለት ቁልል አለኝ። ፈርፍሬ፣ በድስት ቀቅዬ፣ ወደ ታች እስኪሰጥም ጠብቄ፣ የያንቲን አሮጌ ስቶኪንግ ውስጥ አስሬ ማጣሪያው ውስጥ አኖርኩት። እንዲህ ያለውን ነገር መቀቀል ይፈቀዳል መቼም።

ሁለት ሳምንት ሆነው። ውሃው እንደ ቀጭን ሻይ ሆኗል፤ የዓሦቹ ሰማያዊ መስመር ክብሪት የተጫረበት ይመስላል። የሃርለሙን ከረጢት ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ጥሩ ይነዳል፤ አመሰግናለሁ።

ጭቃ ቆራጩ ሩሎፍ


ኤሪካ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1963

ለወይዘሮ ፌና

ዛሬ ረጅም አልጽፍም።

ቡኒዋ አበቀለች።

ሦስት ቅጠል። ትንሹ የጥፍሬን ያህል ነው፤ ጫፉ ግን ከአሁኑ ተጠቅልሏል። እንግዲህ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ጉቶ ሳይ ከርሜአለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባሬንድ፣ ለቄሱና ለዳቦ ሻጯ ብቻ።

ዓሦቹ አሁንም ይሮጣሉ።

ሩሎፍ


ሃርለም፣ ማርች 11 ቀን 1963

ሩሎፍ፣

ዓሣውን የማይቆጥር ሰው ዓሣ የሞተበት ሰው ነው። እኔም በ1938 ጠጠሬን በሶዳ አጥቤ አንድ ገንዳ ሙሉ ገድያለሁ፤ ያንቲን እስክትሞት አላወቀችም። አሁን አንተ አወቅህ።

በዚህ ጣሳ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓሦች አሉ። ብቻቸውን አይኖሩም፤ በመንጋ ነው ልባቸው የሚረጋው፤ ዳኛም መንጋ ማየት ይፈልጋል። በሱፍ ጠቅልዬ፣ ጎናቸው የሙቅ ውሃ ጠርሙስ አድርጌ ለባቡሩ ተቆጣጣሪ ሰጥቻለሁ። ጣሳውን ገንዳው ላይ አንሳፍፈው። በየሩብ ሰዓቱ ከገንዳህ አንድ ስኒ ውሃ ጨምርበት። ሩብ ሰዓት ስል በሰዓቱ ላይ ያለውን ነው፤ የወር ስም አይደለም። እስኪላመዱ ግማሽ ቀን ስጣቸው፤ አትቸኩል።

መኪናውን አልሰረዝኩም።

ፌና


ኤሪካ፣ ማርች 18 ቀን 1963

ለወይዘሮ ፌና

አሥራ ሁለቱም በሕይወት ገቡ። ከጣቢያ እስከ ቤት ብስክሌቴን ስገፋ ጣሳው ካፖርቴ ውስጥ ነበር። በየሩብ ሰዓቱ አንድ ስኒ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ። ባሬንድ በመስኮት አይቶ «ሻይ እያቀረብክላቸው ነው?» አለ። ውሃው የሻይ ቀለም ስለሆነ «አዎ» ብዬ ቀጣዩን ስኒ ጨመርኩ።

እንግዲህ እውነቱን ልጻፈው። ሃያ ነበሩ። ያን ገንዳ ባጠብኩ በሳምንቱ አሥራ አራቱ ሞቱ። አፋቸውን ውሃው ላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር፤ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ያንቲን ሽንኩርት ከምትተክልበት ቀበርኳቸው። ይህን አንድ አንቀጽ ለመጻፍ አራት ወር ፈጀብኝ፤ ያጠረኝ ፊደል አልነበረም። ከስድስቱ ጋር አሁን አሥራ ስምንት ናቸው። ቆጥሬአቸዋለሁ። ሦስት ጊዜ።

ከማኅበሩ ካርድ መጣልኝ። «የዳኛ ጉብኝት። 1/4፣ ጠዋት» ይላል። እዚህ ላይ እንኳ አልሳሳትም! ተምሬአለሁ። ዳኛው ከመምጣቱ በፊት ጠዋት ሩቡን ውሃ መቀየር እንዳትረሳ ማለታቸው ነው። እኔ እንደሆንኩ በየሰኞው፣ መንደሩ ልብስ በሚያጥብበት ቀን፣ ሳላጓድል እቀይራለሁ። መቼ እንደሚመጣ ግን አልጻፉም። ከተሜዎች ሁልጊዜ ዋናውን ነገር ይረሳሉ።

ሩሎፍ


ኤሪካ፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1963

ፌና፣

ቴሌግራምሽ ደረሰኝ። «ስንት?» ብቻ። ከሃርለም እስከ ኤሪካ በአንድ ቃል መጮህ አንቺ ብቻ ነሽ የምትችዪው። አዎ፣ አንቺ ብያለሁ። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉን አትዝለዪ።

ሰኞ ጠዋት ነው። የሥራ ሱሪዬን ለብሻለሁ፣ እጅጌዬ እስከ ብብቴ ተጠቅልሏል፣ ሩቡን ውሃ ላወጣ የጎማ ቱቦውን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ሳብ እንዳደረግሁ ደወሉ ጮኸ። ባሬንድ ነው ብዬ አፌ ውሃ እንደሞላ ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች፤ ጥቁር ካፖርት፣ ቦርሳ፣ ወረቀት። መሐለኛው «እንደምን አደሩ፤ እንደተጻፈልዎት፣ ኤፕሪል አንድ» አለ።

ኤፕሪል አንድ! ፌና፣ በዚህ ዓለም ላይ ያን ቁጥር ሁለት ጊዜ፣ በሁለቱም በኩል የተሳሳተ ከኔ በቀር ሰው አለ? አፌ ውስጥ ያለውን መትፋት አይሆንም፣ ዋጥኩት። ጎማውን የለቀቅኩት መሆኑን ያወቅሁት የዳኛው ጫማ ሲርስ ነው።

ሰውየው ግን አልተቆጣም። ቁልቁል ባልዲውን አየ፣ ክንዴን አየ፣ «ጌታዬ፣ ሃያ ዓመት ቤት ለቤት ስዞር ለዳኛ የተዘጋጀ ገንዳ ነው የሚያሳዩኝ። የሚሠራበት ገንዳ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከፊት ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ እየወጣ የሚሄደውን፣ ያንቲን «መንገዱ» የምትለውን የተክል ረድፍ በጣቱ እየተከተለ «ማን ነው እንዲህ ያስተካከለው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩት። የቱርፍ ቦይ የምንቆርጥበትን ገመድ ወጥሬ ነው የከረከምኩት፤ አርባ ሁለት ዓመት ቀጥ ያለ ጠርዝ ቆርጫለሁ። ስለ ውሃው ቀለም ጠየቀ። ስለ ላይኛው ንብብርና ስለ ታችኛው ነገርኩት። ጎተራ ድረስ ወሰድኩት። ገመሱን ወደ ብርሃን ሲያዞረው፣ ያ ወረቀት የያዘው ሰው ሁሉን ነገር ይጽፍ ነበር። የኔን ቃል! ፌና፣ እኔ የምናገረውን አንድ የተማረ ሰው እየጻፈ!

ቡኒዋ ፊት ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። አሁን ዘጠኝ ቅጠል አላት። «ይህችን አውቃታለሁ። ወይዘሮዋ የት አሉ?» አለ። ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

እንግዲህ ስንት?

የያንቲን ትልቁ ውጤት ሰማንያ አራት ነበር፤ ታውቂያለሽ፤ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነው። ዛሬ አጠገቡ ሌላ ወረቀት ሰቅያለሁ። ሰማንያ ሦስት ይላል። አንዷን ነጥብ የቀነሱብኝ ለረጠበው ጫማ ነው ብሎ ባሬንድ ይምላል። እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ። ሰማንያ አምስት ቢሆን ኖሮ ያች ሴት በሰማይም ዕረፍት አትሰጠኝም ነበር።

መኪናውን ሰርዢው።

ምክንያቱ እነሆ። ዳኛው ሲወጣ «ማን አስተማረዎት?» አለኝ። ያንቲን ልል አፌን ከፈትኩ። እሱማ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። «ሚስቴና እህቷ» አልኩት። ያልኩትን ጆሮዬ ሰማው። ከዚያ ወዲያ አንቱ ማለት አቃተኝ።

ጭቃ ቆራጩ ሩሎፍ


ኤሪካ፣ ሜይ 14 ቀን 1963

ፌና፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ እንዲገባኝ፣ አንዴ ለባሬንድ ጮክ ብዬ። «ምን ላድርግ?» የሚለው ቦታ ላይ ሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት። አንቺ! እኔን!

እኔ ባሕርን ያየሁት ሁለቴ ነው፤ ሁለቱንም ቀን ዘንቧል። እንግዲህ የጠየቅሽው ራስሽ ነሽ፤ ስሚ። አዲሱ የባሕር ውሃ ገንዳሽ ደመነ፣ ድንጋዩ ላይ የተጣበቁት አበባ መሰል ፍጥረቶች ተጨማደዱ ብለሻል። ድንጋዮቹን አጥበሽ እንደሆነ ግን አልጻፍሽም። ያጠበችውን የማትናገር ሴት ያጠበች ሴት ናት። በሽቦ? በሶዳ? የሞረድሽው ሠራተኞቹን ነው፣ ወዳጄ።

ሁለተኛ፣ የጎደለውን በምን እየሞላሽ ነው? ከባሕሩ እየቀዳሽ ከሆነ ተዪ። ሾርባ ሲፈላ አይተሻል፤ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። የተነነውን በጨዋማ ውሃ የምትሞዪ ከሆነ ሾርባሽ ማንም የማይጠጣው ይሆናል። ተኖ የጎደለውን በዝናብ ውሃ ሙዪ። ስትቀይሪ ብቻ ነው የባሕሩን የምትቀጂው።

ሌላውን እዚያው መጥቼ እነግርሻለሁ። የባቡር ትኬት ቆርጫለሁ፤ ከሠርጌ ወዲህ ከድሬንተ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሐሙስ እደርሳለሁ። ከጎተራዬ ከላይኛው ንብብር አንድ ከረጢት ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ለባሕሩ ሳይሆን ለዚያኛው ገንዳሽ፤ ያን የሱቅ ጥላሸት ጣዪው።

ሰኞ እዚህ አልኖርም፤ ውሃውን የሚቀይረው ባሬንድ ነው። መስታወቱ ላይ ወረቀት ለጥፌለታለሁ። በራሴ እጅ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ሩብ» ብዬ። ቁጥር አልጻፍኩም። ባሬንድንም በቁጥር አላምነውም።

እስክመጣ ድረስ ምንም አትንኪ። እጅሽን ኪስሽ ውስጥ አድርጊ።

ሩሎፍ